ሁለተኛው ጉርሻ

ከቀራንዮ አስኮ ሩቅ አገር አይደለም። የራሱ መኪና ያለው ሰው ሬዲዮ ላይ የጀመረው ወሬ ሳያልቅ ይደርሳል። እኔ ግን ሰባ ዓመት አልፎኝ፣ በክረምት፣ በጾም አፌ፣ ምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥዬ ሄጄ የመጣሁበት ስለሆነ ጉዞ ብዬ ብጽፈው ማንም ሊከለክለኝ አይችልም። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት የተጀመረ፣ በማታ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ቃል ማሳመር ስለማላውቅ ያየሁትን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ።

የጉዞው ምክንያት የልጅ ልጄ ሣሮን ናት። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። እሷና የጎረቤታችን ልጅ ሐያት አስኮ ያለ አንድ ኮሌጅ ለሚያዘጋጀው የተማሪዎች ውድድር ተመዘገቡ። ሃካቶን ይሉታል። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት፣

«እምዬ፣ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጧት ይጀምሩና ኮምፒውተር ላይ ለሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ሠርተው ማታ ያሳያሉ፤ ዳኞች ይፈርዳሉ» አለችኝ።

አንደኛ የወጣው ቡድን ለሦስት ወር ይሠለጥናል፤ ለእያንዳንዱ ልጅም ላፕቶፕ ይሰጠዋል። ሣሮን ላፕቶፕ የላትም። እስካሁን የተማረችው በትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ወረፋ እየጠበቀች፣ ሲመሽ ደግሞ በእናቷ ስልክ ነው። እናቷ ስልኩን ስትፈልገው ትምህርቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ያ ሽልማት ለሷ ጌጥ አልነበረም።

ልጆቹ ዕድሜያቸው ስላልሞላ አንድ አሳዳጊ አብሯቸው መዋል አለበት ተባለ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ እናቷ ሥራ ትውላለች። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። የሣሮን ፊት ትንሽ ጠቆር አለ።

«እምዬ፣ ቃል ግቢልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ከሰው እንዳትጣዪ።»

ልጅቷ ያለ ምክንያት አልፈራችም። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስትመጣ የጀሪካን ሰልፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የማንም ጀሪካን ቢሆን፣ የሴት ልጄም ቢሆን፣ በጓሮ ዞሮ ከፊት አይገባም። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲታደል ጭልፋውን የሚሰጡኝ ለእኔ ነው፤ ለዘመዷ ጠለቅ አድርጋ ትጨልፋለች ተብዬ አልታማሁምና። በዚህ ምክንያት የሚወደኝም የሚሸሸኝም አለ።

አብሬ ለመሄድ የቸኮልኩበት ሌላም ነገር ነበረኝ። አምና በትምህርት ቤታቸው ትርኢት ላይ ሣሮንና ሐያት ብዙ ደክመው የሠሩትን ሥራ መድረክ ወጥቶ ያስረዳው እጁን ያላስገባበት ልጅ ነው። «ድምፁ ያምራል» ተብሎ። ሐያት ዝምተኛ ናት፤ ሣሮን ደግሞ በሐያት ተናዳ ሳይሆን ለሐያት ተናዳ ያን ማታ እራት አልበላችም። ዘንድሮ ማንም ተራቸውን እንዳይወስድባቸው በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

«አልጣላም» አልኳት። «ፍርድ ከተጓደለ ግን...»

«እምዬ!»

«እሺ።»

ከቀራንዮ መነሻ

ጊዜው ፍልሰታ ነው። እኔና ሣሮን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ሲነጋጋ ተነሥቼ ምሳ ዕቃውን ሞላሁ፤ ሽሮ ፍርፍር፣ ጎመን፣ ከጎኑ ቃሪያ ስንግ። ለሦስት ሰው ብዬ ጀምሬ ለስድስት ሰው አደረግኩት። ሰው መሃል ተቀምጦ ብቻን መብላት አላውቅበትም።

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ከቤታችን እስከ መድኃኔዓለም አስፋልት ያለው ኮረኮንች ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አዲስ ፎቅ ከሚሠራበት ቦታ የፈሰሰው አሸዋ መንገዱን ግማሽ ይዞታል፤ በቀረው ግማሽ ሰውም ባጃጅም ይተላለፋል። ሐያት በራቸው ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እናቷ ዘቢባ ከኋላዋ ብቅ አለች።

«እማማ አስካለ፣ አደራዎን! ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ ምላሷ ረጅም ነው፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ትጠፋብኛለች።»

«እኔ እያለሁ ወዴት ትጠፋለች!» አልኳት።

ሐያት በሂጃቧ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ታክሲው የቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ነው። ረዳቱ «አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት!» እያለ ይጣራል። ገብተን ሦስታችን በአንድ ወንበር ከተቀመጥን በኋላ አራተኛ ሰው አመጣብን።

«እማማ፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ። ፍቅር ካለ ቦታ አይጠፋም።»

«ፍቅሩ ካለህ የአራተኛውን ሰው ሂሳብ አትቀበል።»

ታክሲው በሳቅ ፈነዳ። ሣሮን መስኮቱን ከፍታ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች፤ የማታውቀኝ ለመምሰል ነው። አራተኛው ሰውዬ ግን ራሱ «እውነት ነው» ብሎ ወረደ።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የአስኮን ታክሲ ለመያዝ ተሰለፍን። ኮልፌ በሐሙስ ጧት ቀደም ብሎ የነቃ ሰፈር ነው። አጠና የጫነ አይሱዙ መንገድ ዘግቶ ሾፌሩና ትራፊኩ ይጨቃጨቃሉ፤ ካልሲና ጃንጥላ የሚሸጡ ወጣቶች በወረፋው መሃል ይሽሎከሎካሉ። አንዷ ልጅ የጃንጥላ ዋጋ ነገረችኝና ነጠላዬን ደራርቤ ተከናነብኩ። እስከ አስኮ ለሰው አሥራ አምስት ብር ከፈልን። ዊንጌትን አልፈን ስንወጣ በስተቀኝ ያለው ተራራ ጉም ለብሶ ግማሹ አይታይም። ወደ ቡራዩ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች እያለፉን የታክሲውን መስተዋት በጭቃ ያጥቡታል።

ልጆቹ የሚሠሩትን ነገር በደንብ የነገሩኝ እዚያ ታክሲ ውስጥ ነው። ውሃ እኛ ሰፈር ስትመጣ መቼ እንደምትመጣ አትናገርም። ሳያዩዋት መጥታ ሳያዩዋት ትሄዳለች። እነሱ የሚሠሩት፣ ውሃ መምጣቷን ቀድሞ ያየ ሰው ስልኩን አንዴ ሲነካ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ መልእክት የሚያደርስ ነገር ነው።

«እንደኔ የቁልፍ ስልክ የያዘስ?» አልኩ።

«ለዚያ እኮ ነው ያንቺን ቁጥር የምናስገባው» አለች ሣሮን። «ባንቺ ስልክ ከሠራ በማንም ስልክ ይሠራል።»

ሐያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ የውሃ ሳምንት ሲሆን ቧንቧ እያዳመጠች ነው የምታድረው» አለች። «ሐሳቡ የመጣልኝ ከዚያ ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልሠራችሁትም?»

«አይፈቀድማ!» አለች ሣሮን። «ሐሳብ ይዞ መምጣት ይቻላል። ሥራው ግን ዛሬ፣ እዚያው፣ በራሳችን እጅ ነው።»

ይህ ደንብ ደስ አለኝ። ሁሉም ከአንድ መስመር ይነሣል ማለት ነው።

አስኮ

ኮሌጁ ከፌርማታው ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ዘበኛው ቦርሳችንን ፈተሸና የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተው።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለጾመ ሰው።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለ እየሳቀ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና» አልኩት።

አዳራሹ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረው ገመዱ ወለሉ ላይ እንደ ሐረግ ተዘርግቷል። ኮምፒውተር ላልያዙ ልጆች ኮሌጁ የሚውሉበት አዋሳቸው። ሣሮን የተሰጣትን ላፕቶፕ ክዳኑን በሁለት እጇ ነው የከፈተችው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው።

አስተባባሪው አቶ በረከት የሚባል መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ማይክ ይዞ ደንቡን አነበበ። ከዛሬ በፊት የተሠራ ሥራ አይገባም። ከውጭ ሰው እርዳታ አይወሰድም። የቡድኑ አባል ሁሉ ይሠራል፣ በመጨረሻም ሁሉም አፉን ከፍቶ ይናገራል። ማንም ማንንም አያንቋሽሽም። ዳኞቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ተወዳዳሪም ሆነ ቤተሰብ ለዳኛ ስጦታ፣ ግብዣ፣ ምንም ነገር አይሰጥም።

አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ሣሮን አንገቷን ጠረጴዛው ሥር ልትደብቀው ምንም አልቀራትም፤ አቶ በረከት ግን «እናመሰግናለን እማማ» አለኝ።

እኛ አሳዳጊዎች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጠን። ልጆቹ ሥራ ከጀመሩ ትንሽ እንደቆየ፣ ከእነ ሣሮን ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበረ ኪሩቤል የሚባል ረጅም ልጅ ስልኩን ይዞ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ያንን ክፍል ጨርሰህ ላክልኝ በቃ» ሲል ሰማሁት። «እኛ እንገለብጠዋለን። ማን ያውቃል!»

ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቅኩት።

«የእኔ ልጅ» አልኩት። «ወንድምህ የት ነው ያለው?»

ዞሮ ሲያየኝ ደነገጠ። «ቤት ነው፣ እማማ።»

«ኢንጂነር ነው?»

«አዎ።»

«ስሙ እዚህ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር አለ?»

ጆሮው ቀላ። ቃል ገብቻለሁና አልጮህኩም። «አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገር?» ብቻ አልኩት።

ኪሩቤል እያመነታ ገባ፤ ለአቶ በረከት ነገረው። ወንድሙ የላከው ሁሉ እንዲጠፋ ተደረገና የቡድናቸው ጥፋት በማይክ ተነገረ፤ ከእንግዲህ በራሳቸው እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ጓደኞቹ ጀርባዬን በዓይናቸው ሲወጉት ይሰማኝ ነበር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት

ኮሌጁ ለሁሉም ምሳ አዘጋጅቶ ነበር። የጾሙ ቀድሞ አለቀና እንቁላል ያለበት ሳንድዊች ብቻ ቀረ። ሐያት ድርሻዋን ተቀብላ መብላት ስትችል «ከሣሮን ጋር እበላለሁ» ብላ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠበቀች። በረንዳው ላይ እጃችንን ታጥበን ምሳ ዕቃውን ከፈትን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዘበኛውም መጥቶ ድርሻውን ወሰደ። ልጆቹ ሳያኝኩ ውጠው ወደ ሥራቸው ሮጡ።

እነሱ እንደገቡ አንዲት ቀጭን ሴት ከዝናቡ ሸሽታ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ነጠላዋን እስከ ወገቧ ተከናንባለች፤ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። ከቅዳሴ እንደመጣች ያስታውቃል። ልጇን ለማየት የመጣች እናት መሰለችኝ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከቅዳሴ ነሽ?»

«አዎ፣ ቀጥታ ከዚያ ነው የመጣሁት።»

«እህል ቀመስሽ?»

«ገና ነኝ። በኋላ እበላለሁ።»

ጾም የዋለ ሰው ፊቴ ቆሞ፣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ያን ያህል ተርፎ! ጠቀለልኩ።

«እንኪ ልጄ።»

«አይ እማማ፣ አይቻልም።»

«ምን አይቻልም! የጾም ነው፤ አትፍሪ።»

«እውነቴን ነው እማማ፣ አይሆንም፤ እኔ እኮ እዚህ...»

«በሞቴ!»

ይቺ ቃል ከወጣች በኋላ አፉን የሚዘጋ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። ሴትየዋም ከፈተች። አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን ቃሪያ ጨምሬበት አስከተልኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ቃሪያው!» አለች እየሳቀች። «እጅዎ ይባረክ እማማ» ብላ ነጠላዋን አውልቃ ውሃውን አራገፈችና አጠፈችው።

ያን ጊዜ ነው ደረቷ ላይ በቀይ ገመድ የተንጠለጠለውን ካርድ ያየሁት። እኔ ፊደል የማነበው አንድ በአንድ ነው። ዳ። ኛ።

ሴትየዋ ወደ አዳራሹ ገባች። እኔ ጣቴ ላይ ሽሮ እንዳለ ቀረሁ። ዞር ስል በሩ ላይ ኪሩቤል ቆሟል። ሳንድዊቹን ይዞታል፤ አይበላውም።

«እማማ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «እርስዎ ራስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገር?»

በአፌ የመጣው መልስ ብዙ ነበር። ጉርሻ መቼ ነው ጉቦ የሆነው? በሽሮ ፍርፍር የተገዛ ዳኛ ማን አይቷል? አላወቅኋትም እኮ! እነዚህን ሁሉ ልለው አፌን ስከፍት የጧቱ ቀይ ጆሮው ትዝ አለኝ። እሱም «ማን ያውቃል» ነበር ያለው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

«እኔ እነግራለሁ» አልኩት።

መጀመሪያ ሣሮንን ጠራኋት። ሥራው በእሷ ስም ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግኩም። ስነግራት ፊቷ ነጣ።

«እምዬ፣ ሁለት ጉርሻ ነው! አላወቅሽም። ማንን ይጎዳል?»

«ኪሩቤልን ያስነገርኩት እኔ ነኝ።»

«የሱ ሌላ ነው፤ እሱ ሥራ ነው ያሠራው። እምዬ፣ ሊያስወጡን ይችላሉ። ሐያት እንዴት እንደለፋች አላየሽም?» እጄን ያዘችኝ። እንባዋ ወረደ። «በሞቴ ዝም በይ። በሞቴ!»

ብዙ ሰው በብዙ ነገር ለምኖኛል። በልጅ ልጄ ሞት ተለምኜ እንቢ ስል ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አይሆንም የኔ ልጅ» አልኳት። እጄን ከእጇ ማስለቀቅ እንዴት እንደከበደኝ አልጽፈውም።

አቶ በረከት ቢሮ ስደርስ ያቺ ሴት ቀድማኝ እዚያ ቆማለች። ትዕግስት ትባላለች።

«እማማ የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት» አለች። «አጉርሰውኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንቢ ማለት ነበረብኝ።»

«ብለሽኛል እኮ!» አልኩ። «ሁለት ጊዜ ነው ያልሽኝ። ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ።»

አቶ በረከት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሳቅ ይሁን ጭንቀት አልለየሁትም። ከሌሎቹ ሁለት ዳኞች ጋር ተማከረና፣ የእነ ሣሮን ቡድን እንደማይባረር፣ ወይዘሪት ትዕግስት ግን ለነሱ ነጥብ እንደማትሰጥ፣ ሁለቱ ብቻ እንደሚፈርዱ ነገረኝ። የሥራው ነገር ከሦስቱ የሚገባት እሷ እንደሆነች፣ ለሰፈር ውሃ የሚሆን ሥራ ሠርታ እንደምታውቅም በዚያው ሰማሁ።

«የኪሩቤል በማይክ ነው የተነገረው» አልኩ። «የእኔም በማይክ ይነገር።»

ተነገረ። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አጉረመረመ። ሣሮን አላየችኝም። ኪሩቤልም አልሳቀም።

የሐያት ድምፅ

ተራቸው ደርሶ ሲወጡ ሣሮን ማይኩን ያዘች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም። አንድ ጊዜ ሞከረች፤ ሁለተኛም ሞከረች። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ መሬቱ ቢከፈትልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሐያት ማይኩን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው።

«እናቴ ሌሊት አትተኛም» አለች። «ቧንቧ ታዳምጣለች።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ተናገረች። የምትጠፋዋ ልጅ አልጠፋችም። ውሃ የጠበቀ፣ ጀሪካን የተሸከመ፣ ተኝቶ ያመለጠው ሰው ሁሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ራሱን አወዛወዘ። ቀጥላም «አሁን እንሞክረው» ብላ ስልኳን ነካች።

ደረቴ ውስጥ፣ በመሀረብ የጠቀለልኩት ስልኬ ጮኸ። አውጥቼ አየሁት። «ውሃ መጣች» ይላል። የት እንዳለሁ ረሳሁ።

«ጀሪካኑን!» ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

አዳራሹ ፈረሰ። ዳኞቹ፣ ኪሩቤል፣ ዘበኛው ሳይቀር ሳቁ። ሣሮንም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች፤ ያኔ ቃሉ መጣላትና ማይኩን ተቀብላ እንዴት እንደሠሩት አስረዳች። ደንቡ እንደሚለው ሁለቱም ተናገሩ። ወይዘሪት ትዕግስት ግን እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን አጣምራ ነበር የምታዳምጠው።

ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የሆኑት ለዓይነ ስውራን የታክሲ መስመር በድምፅ የሚናገር ነገር የሠሩ የአስኮ ልጆች ናቸው፤ ሥራቸው ጥሩ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ለሁለተኛ የተሰጠው የምስክር ወረቀትና ቦርሳ ነው። ሣሮን ላፕቶፑን ስትመልስ ክዳኑን እንደ ጧቱ በሁለት እጇ ዘጋችው። የወይዘሪት ትዕግስት ነጥብ ቢጨመር ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። ሣሮን ግን የምታውቅ ይመስላታል።

የመልስ ጉዞ

ከግቢው ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኪሩቤል ከኋላ ሮጦ ደረሰብንና የያዝኩትን ፌስታል ተቀበለኝ።

«ልያዝልዎት እማማ።»

«ተው፣ ጉቦ ይመስልብሃል።»

«ውድድሩ እኮ አልቋል» አለ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ይነግራሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለኝ።

«እኔም አንተ ትነግራለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አልኩት።

እስከ ፌርማታው ሸኝቶን ሄደ።

የማታው ታክሲ ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ይደርሳል። ሁለት ጎረምሶች ከፊታችን ሲገቡ አየሁ። አፌን ከፈትኩና ሣሮንን አየኋት። እሷም አየችኝ። ዘጋሁት። ያኔ ሐያት፣ ያቺ ድምፅ የላትም የተባለች ልጅ፣ «ወንድሞች፣ ሰልፍ አለ!» ብላ ተጣራች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ሄዱ።

ታክሲ ውስጥ ሣሮን ከሐያት ጋር ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ብቻዬን። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለዚያ «አይቻልም» ነበር። እኛ ሰው አይሆንም ሲለን ይሉኝታ ነው እንላለን። ሦስቴ እንቢ ካላለ ባለጌ ይባላል፤ ሦስቴ ያልለመነው ደግሞ ንፉግ። በዚህ ዓይነት እውነተኛ እንቢታ በምን ይታወቃል? ሰባ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ከልቡ አይሆንም ብሎኝ በሞቴ ብዬ አፉን አስከፍቼው ይሆን? ፍርድ ማለት ሰልፍ ማስጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው የሚለውን መስማትም እንደሆነ የተማርኩት አስኮ ሄጄ ነው።

ቤት

ቀራንዮ ስንደርስ መሽቶ መብራት በርቷል። ሐያትን ለእናቷ አስረከብኳትና «ተናግራለች!» አልኳት። ዘቢባ ልጇን አገላብጣ ሳመቻት።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፈትኩ። ፉጨት ብቻ ነው። የሣሮን እናት ከሥራ ገና አልገባችም። ሣሮን እርጥብ ጫማዋን አውልቃ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ለአቶ በረከት ከነገርኩት ወዲህ አላናገረችኝም። ምሳ ዕቃው ውስጥ ጥቂት ፍርፍር ቀርቷል። እጇን ከጀሪካኑ ታጠበች፤ ጠቀለለች፤ ዘረጋችልኝ።

«እንኪ።»

ጎረስኩ። እሷ ግን እጇን ሰበሰበች።

አንድ ጉርሻ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሁለተኛውስ?» እላት ነበር። አላልኳትም። ጠበቅኩ።

«አንደኛ እንወጣ ነበር» አለች።

«ሊሆን ይችላል።»

«አታዝኚም?»

«አዝናለሁ እንጂ ልጄ። እዚህ ጋ ነው የያዘኝ» አልኩና ደረቴን አሳየኋት።

«ነገም እንደዚያ ቢገጥምሽ ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

ረጅም ተነፈሰች። ምሳ ዕቃውን ወደራሷ ሳበችው። የቀረውን ሁሉ ሰብስባ፣ የመጨረሻዋን ቃሪያ ጨምራ፣ በአንድ አፍ የማይገባ አድርጋ ጠቀለለችው።

«አይሆንም፣ ይሄማ በዛ!» አልኳት።

«የምርሽን ነው ወይስ ይሉኝታ ነው?» አለችኝ፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ይዛ።

«ይሉኝታ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው በሞቴ።»

አፌን ከፈትኩ።